ድመትና ውሻ፦ በእጃችን ያሉ አማናዎች

 

በጌዴኦ ዞን ከዲላ በስተደቡብ በምትገኘው ወርቃና በአካባቢዋ የገበሬው ቤት በእንሰት፣ በቡናና በትላልቅ ዛፎች የተከበበ ነው። ሰው፣ ሰብልና ዛፍ ተደጋግፈው የሚኖሩበት ይህ የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንዲህ ባለው ግቢ ውስጥ ከከብቱና ከዶሮው ሌላ ሁለት አገልጋዮች አሉ። አንደኛዋ አይጥን ከጓዳው የምታርቀው ድመት ናት። ሁለተኛው ደግሞ ጃርትና ከርከሮ እንሰቱንና በቆሎውን እንዳያጠፉ ሌሊቱን ሲጮህ የሚያድረው ውሻ ነው።

ላሟ ብትታመም ቤተሰቡ በሙሉ ይጨነቃል። ድመቷ ወይም ውሻው ሲታመም ግን «ይተዋት፣ ይሻላታል» ወይም «ሌላ ይተካል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። በተለይ ውሻን በተመለከተ በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ይታያል። ይኸውም «ውሻ ነጃሳ ነው» ከሚለው የፊቅህ ድንጋጌ ተነስቶ ውሻውን አለመመገብን፣ መደብደብንና አለማስከተብን እንደ ሃይማኖተኝነት መቁጠር ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ አስተሳሰብ ከዲናችን ጋር እንደማይሄድ፣ ቸልተኝነቱም ዞሮ ዞሮ ልጆቻችንን እንደሚጎዳ ለማሳየት እንሞክራለን። አያይዘንም ድመትና ውሻ እንዴት እንደሚመገቡና ጤናቸው እንዴት እንደሚጠበቅ እናቀርባለን።

ነጃሳ ነው ማለት ይራብ ማለት አይደለም

በሻፊዒይ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው። ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ እንዳለበት ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ያስተምራል። ማሊኪዮች ደግሞ ውሻ በሕይወት እስካለ ድረስ ንጹሕ ነው ይላሉ። ሆኖም ከአራቱ መዝሀቦች አንዱም «ውሻ ስለሆነ ይራብ፣ ይጠማ» አላለም። ያለ ጥቅም ውሻ ማኖር በየቀኑ ምንዳን እንደሚቀንስ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል። በዚያው ሐዲስ ግን ለከብት ጥበቃ፣ ለአደንና ለእርሻ የሚያዝ ውሻ ተለይቶ ተፈቅዷል። እንግዲህ እንሰቱንና በቆሎውን ለማስጠበቅ ውሻ የሚይዝ የወርቃ ገበሬ በተፈቀደለት ነገር ላይ ነው ያለው።

ከተፈቀደ በኋላ ግን ኃላፊነት ይከተላል። አንዲት ሴት በድመት ምክንያት እንደተቀጣች የሚናገረውን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት በዚህ ሐዲስ ውስጥ ሴትዮዋ የተወቀሰችበትን ነገር ልብ እንበል። ድመቷን አሰረቻት፤ አላበላቻትም፤ ከምድር ተንቀሳቃሾች ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ከዚህ የምንረዳው እንስሳን ያሰረ ወይም የዘጋበት ሰው የእንስሳው ሲሳይ በእጁ እንደገባ ነው። የተፈታ ውሻ ከገበያው ዳር አንድ ነገር ፈልጎ ያገኝ ይሆናል። በሰንሰለት ታስሮ ቀኑን በሙሉ የሚውል ውሻ ግን ከባለቤቱ በቀር ማንም የለውም።

በአንጻሩ በብርቱ ጥም የተያዘ ውሻ ያየ መንገደኛ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ሞልቶ በማጠጣቱ አላህ ምሕረት እንዳደረገለት እነዚሁ ሁለት ኢማሞች ዘግበዋል። ሶሃቦች «በእንስሳትም ምንዳ አለን?» የሚል ጥያቄ ባቀረቡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ላለው ፍጡር በሚደረግ በጎ ሥራ ሁሉ ምንዳ መኖሩን ነግረዋቸዋል። ይህ የምሕረት ምክንያት የሆነው እንስሳ ያው ነጃሳ ነው የምንለው ውሻ መሆኑን አንርሳ።

በ660 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ታላቁ የሻፊዒይ ሊቅ ዒዝ ኢብኑ ዐብዲስሰላም «ቀዋዒዱል አሕካም» በተባለው ኪታባቸው እንስሳት በባለቤታቸው ላይ ያላቸውን መብት ዘርዝረዋል። ባለቤቱ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም መስጠት ቢያቆም እንኳ ቀለቡን መስጠት እንዳለበት፣ ከአቅሙ በላይም ሊያሠራው እንደማይገባ ጽፈዋል። ዛሬ «የእንስሳት መብት» የሚባለው ነገር ለሙስሊሞች ከውጭ የመጣ አዲስ ትምህርት አለመሆኑን ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

የድመት አመጋገብ

ታላቁ ሶሃባ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ይህን መጠሪያ ያገኙት ከድመት ጋር በነበራቸው ቅርበት ነው። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ደግሞ ለውዱእ ከቀረበላቸው ውኃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን ዘንበል አድርገው እንዳጠጧት፣ ድመት ነጃሳ አለመሆኗንና በየቤታችን ከሚዘዋወሩት ውስጥ መሆኗን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን እንደተናገሩ አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ዘግበዋል።

ብዙ ቤት ለድመት የሚሰጠው ቆጮ ወይም እንጀራ በወተት ነው። ይህ ሆዷን ይሞላል እንጂ አይበቃትም። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር በሥጋና በዓሣ ውስጥ እንጂ በእንሰትም ሆነ በእህል ውስጥ አይገኝም። አይጥ የምታድን ድመት የጎደላትን በከፊል ከአይጡ ታገኛለች። ቤት ውስጥ ተዘግታ የምትውል ድመት ግን በየቀኑ ጥቂት የበሰለ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል ያስፈልጋታል። ውድ ሥጋ መግዛት ግዴታ አይደለም። ለወጥ ከሚገዛው ሥጋ የሚቆረጠው ቁርጥራጭ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ቢቀቀል ይበቃል። ጉበት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዕለት ዕለት በብዛት ሲሰጥ ይጎዳልና በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ይሁን።

«ድመት ስትራብ ነው አይጥ የምትይዘው» የሚለው አባባልም ትክክል አይደለም። ማደን ተፈጥሮዋ ስለሆነ ጠግባም ታድናለች። የተራበችና የደከመች ድመት ግን ጥሩ አዳኝ አትሆንም።

ወተትን በተመለከተ፣ ብዙ ያደጉ ድመቶች የላም ወተትን መፍጨት ያቅታቸዋል፤ ተቅማጥም ያመጣባቸዋል። ዋናው መጠጣቸው ንጹሕ ውኃ ነው። አራት ኪሎ ገደማ የምትመዝን ድመት ከምግቧ የምታገኘውን ጨምሮ በቀን 200 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ያስፈልጋታል። ይህም ወደ ሦስት የቡና ሲኒ ይጠጋል። ግልገሎች በአራት ሳምንታቸው ገደማ ለስላሳ ምግብ መቅመስ ይጀምራሉ፤ በስምንት ሳምንታቸው ጡት ይተዋሉ። ከዚያ በፊት ከእናታቸው መነጠል የለባቸውም።

የውሻ አመጋገብ

ውሻ ከድመት ይልቅ ልዩ ልዩ ምግብ ይስማማዋል። የበቆሎ ገንፎ፣ ቆጮ፣ ሩዝና ድንች መብላት ይችላል። ነገር ግን ከእነዚህ ጋር የበሰለ ሥጋ፣ የተቀቀለ ሆድ ዕቃ፣ እንቁላል ወይም የተቀቀለ ባቄላና ምስር መጨመር አለበት። ያደገ ውሻ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቡችላ ደግሞ እስከ አራት ወይም ስድስት ወሩ ድረስ ሦስት አራት ጊዜ ይመገብ። 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን እስከ አንድ ሊትር ውኃ ያስፈልገዋል። የታሰረ ከሆነ የውኃው ዕቃ ሰንሰለቱ በሚደርስበትና ጥላ ባለበት ቦታ ይቀመጥ። የውሻው ሳህን ከቤተሰቡ ዕቃ ተለይቶ ከታወቀ የጦሃራውም ጉዳይ ቀላል ይሆናል።

የበጎቹንና የዶሮዎቹን አጥንት በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ለውሻም ሆነ ለድመት መሰጠት የለበትም።

በቡና አገር ልንጠነቀቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ለእኛ የሚጠቅም ሁሉ ለእንስሳ አይጠቅምም። ወርቃና አካባቢዋ ቡና የሚታጠብበት አገር ነውና ከቡና እንጀምር። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ለውሻና ለድመት መርዝ ነው። ከጀበና የተደፋ አተላ፣ የተቆላ ቡና ወይም የቡና ልጣጭ የበላ ውሻ ይቅበጠበጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፤ ሲበዛም ይሞታል። ስለዚህ አተላው ውሻው ከሚበላበት ቆሻሻ ጋር አይደባለቅ።

ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የእንስሳቱን ቀይ የደም ሕዋሳት ያጠፋል። የወጥ ትራፊ ዘወትር መስጠት የማይመከረው በጨውና በበርበሬው ብቻ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። ሻጋታ ያወጣ በቆሎም ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል «ለሰው ካልሆነ ለውሻ ይሆናል» ተብሎ መሰጠት የለበትም።

ከሁሉም በላይ በመድኃኒት እንጠንቀቅ። ለራስ ምታት የምንውጠው አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል አንዲትን ድመት ሊገድል ይችላል፤ የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማስወገድ አይችልምና። ለከብት መዥገር የተዘጋጀ መድኃኒትን ለቁንጫ ብሎ ድመት ላይ መርጨትም ብዙ ጊዜ ለሞት ያበቃል። የአይጥ መርዝ የምናስቀምጥ ከሆነም መርዙን የበላውን አይጥ ድመቷ እንደምትበላው እናስብ። ድመት ባለበት ቤት ወጥመድ ይሻላል።

በአረፋ ቀን ለውሻ የሚጣለው ሳንባ

ዒድ አል-አድሃ ሲደርስ ኡድሂያ በየቤቱ ይታረዳል። ሥጋው ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ለሚስኪን ይከፋፈላል። ውኃ የቋጠረ ከረጢት የተገኘበት ሳንባና ጉበት ግን «ይህ አይበላም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ብዙዎች ይህን እንደ ሰደቃ ያዩታል። እዚህ ላይ ግን ከባድ አደጋ አለ።

በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ የሚታየው ያ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የትል ሽል የያዘ ሊሆን ይችላል። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ሽሎቹ በአንጀቱ ውስጥ ወደ ጥቃቅን የኮሶ ትሎች ያድጋሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለዓይን የማይታይ እንቁላላቸው ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር በግቢው ይበተናል። ከግቢው ወደ ጎመኑ፣ ወደ ውኃው፣ ውሻውን ወደሚዳብሰው ልጅ እጅ ይሄዳል። ሰው ከዋጠው በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ ያው ከረጢት ቀስ በቀስ ለዓመታት ያድጋል። ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። በጎችና ከብቶችም በሚግጡት ሣር ላይ ይህንኑ እንቁላል እየበሉ ይያዛሉና ነገሩ ዞሮ ወደ ቀጣዩ ዓመት እርድ ይመለሳል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከረጢት ያለበት ሆድ ዕቃ ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ጤነኛ የሚመስለውም ቢሆን በደንብ ሳይቀቀል ለውሻ አይሰጥ። ከዒድ ሶላት በኋላ ቢላዋ ሲሳል ጉድጓዱም አብሮ ቢቆፈር ይበጃል።

የእብድ ውሻ በሽታ

ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፉት ሁሉ አስፈሪው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን ይገድላል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶው ከውሻ የመጣ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት መካከልም 40 በመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ክትባቱ ያድናል።

በሽታው በዱር አራዊታችን ላይ ያደረሰውን ጉዳት ብናይ የውሻ ክትባት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እንረዳለን። በባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008ና በ2014 በእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ ተመቷል። በ2003ቱ ወረርሽኝ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አልቀዋል። በሽታውን ያመጡባቸው ያልተከተቡ የእረኞች ውሾች ናቸው።

በውሻ ላይ ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የምናውቀው ነው፤ ጠባዩ ይለወጣል፣ ያለ ምክንያት ይናከሳል፣ ለሐጩ ይዝረከረካል። ሁለተኛው ጸጥተኛው ነው። ውሻው ጥግ ይይዛል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል። «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጁን ወደ አፉ የሚከት ሰው የሚጋለጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ሰው ቢነከስ ወይም ቢቧጨር፦

አንደኛ፣ ቁስሉ ወዲያውኑ በወራጅ ውኃና በሳሙና ሳይቋረጥ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። በርበሬ፣ የቡና ዱቄት ወይም ቅጠል አይደረግበት።

ሁለተኛ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይኬድ። ጤና ጣቢያው ክትባቱ ከሌለው ወዳለበት ይልካል። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅ። በሽታው ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጸው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነውና ቁስሉ መድረቁ መዳን አይደለም።

ሦስተኛ፣ የተጀመረው ክትባት እስከ መጨረሻው ይወሰድ።

አራተኛ፣ ውሻው የሚታወቅና ያለ አደጋ ሊያዝ የሚችል ከሆነ ወዲያው ከመግደል ይልቅ ታስሮ ለአሥር ቀን ይታይ። ይህ ሲደረግ ግን የተነከሰው ሰው ሕክምና አይዘግይ።

አንዳንድ ቤተሰብ የተነከሰውን ልጅ ይዞ ወደ ባሕላዊ መድኃኒት አዋቂ ሲሮጥ ውድ ቀናት ያልፋሉ። ዱዓና ሩቅያ የሙእሚን መሣሪያ ናቸው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዝዘዋልና ዱዓው ከሕክምናው ጋር ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝቡ ፓስተር እያለ የሚጠራው የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለረጅም ዓመታት የዚህን በሽታ ክትባት ሲያመርት የኖረው ለዚሁ ነው።

መከላከያው ግን ከውሻው ይጀምራል። ውሻና ድመት ሦስት ወር ሲሞላቸው ይከተባሉ፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይቀጥላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ስለዚህ የአንድ ሰው ውሻ መከተብ ለጎረቤቱም ልጅ ጥበቃ ነው። በየገጠሩ ሐኪሙ ሩቅ መሆኑ ይታወቃል። የመስጊድ ጀመዓዎችና የእድር መሪዎች ነዋሪውን አስተባብረው ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ቢነጋገሩና የአካባቢው ውሾች በአንድ ቀን ቢከተቡ ለሁሉም ይቀላል።

ትል፣ ቁንጫና ንጽሕና

ቡችሎችና የድመት ግልገሎች ብዙ ጊዜ ትል ይኖርባቸዋል። ሆዱ የተነፋ፣ ጸጉሩ የደረቀ፣ እየበላ የማይወፍር ቡችላ ካያችሁ ትል ጠርጥሩ። ለቡችሎች ከሁለት ሳምንት ዕድሜያቸው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ ላደጉት ደግሞ በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ይሰጣል። መጠኑ በክብደት ስለሚለካ ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል። የውሻ ወስፋት በአፈር የሚጫወቱ ሕፃናትን ይይዛል፤ ዓይናቸውንም ሊጎዳ ይችላል። ከጨዋታ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ለዚህ ዋና መድኃኒት ነው።

እርጉዝ እህቶች የድመት ዓይነ ምድር በእጃቸው ባይጠርጉ መልካም ነው፤ ለፅንስ የሚያሰጋ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላልና። ሌላ የቤተሰብ አባል በየቀኑ ቢጠርገው ተሕዋሱ ለመያዝ ከመድረሱ በፊት ይወገዳል። ተሕዋሱ በጥሬ ሥጋም ይተላለፋልና ድመቷም እርጉዟም ጥሬ ሥጋ ባይበሉ ይመረጣል። ይህ ሲደረግ ድመቷን ከቤት ማባረር አያስፈልግም።

ድመት ወይም ውሻ ሙሉ ቀን ምግብ ከተወ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለው፣ ወይም ድመት መሽናት አቅቷት ስታቃስት ከታየች ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ሐኪም ጋ ይወሰድ።

ልጆቻችንና እንስሳት

አነስ (ረ.ዐ) አቡ ዑመይር የተባለ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ሕፃኑ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው ሲመጡ ስለ ወፏ እየጠየቁ ያጫውቱት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የአላህ መልእክተኛ የሕፃንን ወፍ ጉዳይ ያን ያህል ቦታ ከሰጡት እኛም የልጆቻችንን ርኅራኄ ከዚህ ብንጀምር ይገባል። ኢብኑ ዑመርም (ረ.ዐ) ወፍ አስረው ዒላማ ያደረጉ ወጣቶችን አግኝተው በብርቱ ገሥጸዋቸዋል። በመንገድ የሚያልፈውን ውሻ በድንጋይ የሚፈነክት ልጅ ሲታይ ዝም የሚል አባት ይህን ያስታውስ።

ለልጅ ሥራ ይሰጠው። አንዱ የድመቷን ውኃ ጠዋት ይለውጥ፤ ሌላው የውሻውን ሳህን ማታ ይሙላ። ከዚያም እጃቸውን ይታጠቡ። በዚህ ልጁ ኃላፊነትንም ጦሃራንም አብሮ ይማራል። የሚበላ ውሻ በተኛበት እንዳይቀሰቀስ፣ ሳህኑም እንዳይነካ፣ የማይታወቅ ውሻም እንዳይነካካ ይነገረው።

ውድ አንባቢያን! እነዚህ ፍጡራን አፍ አውጥተው አይከሱንም፤ ባለቤታቸውን የሚጠይቀው አላህ ነው። ማሳደግ ካልቻልን ለሚችል እንስጥ እንጂ ግልገልና ቡችላ በጆንያ አድርገን መንገድ ዳር አንጣል። የያዝነውን ግን እናብላ፣ እናጠጣ፣ እናስከትብ። አላህ ለፍጥረቱ ከሚያዝኑትና እርሱም ከሚያዝንላቸው ባሮቹ ያድርገን። አሚን።